ስለ «ሶልቭ» ግሥና ስለ እኛው «ፈትሐ»

የቃልን ሥር መመርመር የሥራ ፈት ሥራ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በአፋችን የምናመላልሰው ቃል ሥሩ ሲጠፋብን ፍሬውም አብሮ ይጠፋብናል። ይህንንም በራሴ ላይ የደረሰውን ምስክር አድርጌ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። በአምቦ ከተማ ቀን በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሒሳብ፥ ማታ በእኔ ዘንድ ግሥ የሚማር አንድ ልጅ አለ። ከዕለታት አንድ ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሒሳብ መጽሐፉን ይዞ መጣና፥ «የኔታ፥ ይህ መጽሐፍ ‹ሶልቭ› እያለ ያዘናል፤ መምህራችንም ነገሩ እንዲገባን በኦሮምኛ ‹ሂካ› ይሉናል። እርስዎ ደግሞ ቅኔውን ‹ፍታ› ይሉኛል፤ የንስሓ አባቴም ‹እግዚአብሔር ይፍታህ› ይሉኛል። ሒሳቡም፥ ቅኔውም፥ ኃጢአቱም በአንድ ቃል የሚፈቱት ስለ ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከጠያቂው ዕድሜ በላይ ነበረና በዚያች ሌሊት የሚበቃ መልስ አላገኘሁለትም። ከዚያ ወዲያ መጻሕፍትን አገላብጬ የተረዳሁትን፥ ከተርጓሚዎቻችንም ሥራ የማመሰግነውንና የምነቅፈውን እነሆ አቀርባለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን እንግሊዝኛውን እንይ። «ሶልቭ» የተባለው ግሥ እንግሊዞች በ15ኛው መቶ ዘመን ግድም ከላቲን የተቀበሉት ነው። በላቲን «ሶልቬሬ» ይባላል፤ ሊቃውንቱ ሲተነትኑት ከሁለት ክፍል የተጋጠመ ሆኖ ይገኛል። ፊተኛው «ሴ» መለየትን፥ ሁለተኛው «ሉኤሬ» ማላላትን ያመለክታል። ስለዚህ የጥንት ትርጕሙ የታሰረውን ማላላት፥ ቋጠሮውን መፍታት ማለት ነው። በግሪክ መፍታትን የሚያመለክተው «ሊኦ»፥ በእንግሊዝኛም የላላውን ነገር የሚጠሩበት «ሉስ» የዚሁ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው።

ሮማውያን ይህን ቃል ከገመድ ላይ አንሥተው ወደ ብዙ ነገር አሻገሩት። መርከብን ከወደብ ፈትቶ ማስነሣት «ሶልቬሬ» ነው። ዕዳን መክፈልም «ሶልቬሬ» ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በሕጋቸው ግዴታ ማለት ሰውን ከሰው ጋር የሚያስር ማሰሪያ ነበረ፤ በ533 ዓመት በንጉሡ በዮስጢንያኖስ ትእዛዝ የወጣው የሕግ መማሪያም ግዴታን የሚያስረዳው በዚሁ በማሰሪያ ምሳሌ ነው። በዕዳ የታሰረ ሰው የሚፈታው ሲከፍል ነውና መክፈልን መፍታት አሉት። ዕዳውን ለመክፈል የሚችለውን ነጋዴ እንግሊዞች እስከ ዛሬ ድረስ «ሶልቨንት» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ግሥ በፊቱ ሌላ ቃል እየተጨመረለት ልጆችን ወልዷል። «ዲዞልቭ» ጨው በውኃ ውስጥ ሲሟሟ፥ የሕግ ምክር ቤት ሲበተን፥ ጋብቻም በሕግ ሲፈርስ ይነገራል። «ሪዞልቭ» የተወሳሰበውን ነገር ከለያዩ በኋላ በአንድ አሳብ መጽናትን ያመለክታል። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው «አብሶልቭ» ነው፤ «አብ» ማለት በላቲን «ከ» ማለት ስለ ሆነ፥ ሰውን ከአንድ ነገር መፍታት ማለት ነው። ይህ ቃል መጀመሪያ የችሎት ቃል ነበረ። በሮም የሚፈርዱት ሰዎች አሳባቸውን በሰም በተቀባ ትንሽ ሰሌዳ ላይ በፊደል ያመለክቱ ነበር፤ የ«አብሶልቮ» መጀመሪያ የሆነው ፊደል ተከሳሹን «ፈትቼዋለሁ» ማለት ነበረ። በኋላ ቅዱስ ሄሮኒሞስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወንጌልን በላቲን ሲያዘጋጅ፥ ጌታችን ለጴጥሮስ የሰጠው የማሰርና የመፍታት ሥልጣን በ«ሶልቬሬ» ተነገረ፤ «አብሶልቮ»ም ከችሎት ወደ ንስሓ አባት አፍ ተሻገረ። እንግዲህ ልጁን ያስገረመው የሒሳቡ ቃልና የንስሓው ቃል በላቲንም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በቅኔ ቤት የዋለ ሰው «ፈትሐ»ን ሲያወርድ፥ «ፈትሐ፤ ይፈትሕ፤ ይፍታሕ» ይላል። ከዚህም ግሥ «ፍቱሕ» የተፈታው፥ «ፈታሒ» ዳኛው፥ «ፍትሕ» ፍርዱ፥ «ፍትሐት» ከኃጢአት ማሰሪያ መፍታቱ፥ «መፍትሔ» መፍቻው ይወጣል። «ተፋትሐ» በግዕዝ በችሎት መሟገት ነው፤ አማርኛው ግን «ተፋታ»ን ለባልና ሚስት ሰጥቶታል። አማርኛችን ሐውን ቢጥለውም ርስቱን አልጣለም፤ በሬ ከቀንበር፥ እስረኛ ከወህኒ፥ ሕልም፥ እንቆቅልሽ፥ ቅኔ፥ ትጥቅ፥ ጾምም ሳይቀር ይፈታል። የቃል ትርጕም ራሱ «ፍቺ» ይባላል። ሥራ የሌለውንም ሰው «ሥራ ፈት» እንለዋለን።

የግዕዝን መዝገበ ቃላት በላቲን ያዘጋጀው ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማን በ1865 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ «ፈትሐ»ን ሲፈታ ከጠቀሳቸው ቃላት አንዱ ይኸው «ሶልቬሬ» ነው፤ መክፈትንና መፍረድንም በዚያው አኑሯል። ከእርሱ በኋላ በ1987 ዓመት ሌስላው ባወጣው መዝገብም መክፈት፥ ከማሰሪያ መልቀቅ፥ ከኃጢአት መፍታትና መፍረድ በአንድ ግሥ ሥር ተሰልፈው ይታያሉ።

በዚህ ስፍራ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ከወገኖቻችን መካከል እንዲህ ያለ የትርጕም መመሳሰል ባዩ ጊዜ ወዲያው «ላቲኑ ከግዕዝ ተወሰደ» የሚሉ አሉ። ይህ የአገር ፍቅር ቢመስልም ዕውቀት አይደለም። ግዕዝ የሴም ወገን ነው፤ ዘመዶቹም የዕብራይስጡ «ፓታሕ»ና የዓረቡ «ፈተሐ» ሲሆኑ ሁለቱም መክፈትን ያመለክታሉ። ላቲን ግን የሌላ ነገድ ቋንቋ ነው። ሁለቱ ቃላት በአንድ መንገድ የሄዱት አንዱ ሌላውን ስለ ወለደው ሳይሆን፥ ሰው በየትም አገር ከብት የሚያስር፥ ነዶ የሚያስር፥ በዕዳና በበደልም የሚታሰር ፍጥረት ስለ ሆነ ነው። የድምፅ ዝምድና ባይኖራቸው የኑሮ ዝምድና አላቸው።

ደግሞም ልዩነታቸውን ማየት ይገባል፤ ከመመሳሰላቸው ይልቅ የሚያስተምረን እርሱ ነውና። ላቲኑ መክፈልን መፍታት ሲል አማርኛችን ዕዳን «ከፈለ» ይላል፤ ይህም መከፋፈልን የሚያመለክት ሌላ ግሥ ነው። ላቲኑ ጨውን በውኃ ሲፈታ እኛ «ሟሟ» እንላለን። በፍርድ ነገር ግን ግዕዝ ከላቲን አልፎ ሄዷል። ለሮማዊው ዳኛ «አብሶልቮ» የሚነገረው ተከሳሹን ነጻ ሲያወጣ ብቻ ነው፤ ሲቀጣው ሌላ ቃል አለው። በግዕዝ ግን ዳኛው ነጻ ቢያወጣም ቢቀጣም ሥራው ሁሉ «ፍትሕ» ይባላል፤ ዳኛውም በሁለቱም ወገን «ፈታሒ» ነው። የተቀጣው ሰው ታስሮ ሳለ ፍርዱ እንዴት መፍታት ይባላል?

ይህን ለማስተዋል የቀድሞውን የቁራኛ ሥርዓት ማስታወስ ይረዳል። በአገራችን በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ አበዳሪና ተበዳሪም በሰንሰለት የሚቈራኙበት ጊዜ ነበረ። ዛሬ ሥርዓቱ ቀርቶ ቃሉ ለበሽተኛ ተርፏል፤ «የአልጋ ቁራኛ» እንላለንና። የ«ፈትሐ» ትርጕም ከዚህ ሥርዓት ተወለደ አልልም፤ በደቡብ ዓረብ ድንጋይ ላይ በተቀረጸው በጥንቱ በሳባ ቋንቋም ይኸው ሥር ለፍርድ ተነግሯልና። ነገር ግን ሥርዓቱ የቃሉን ምስጢር በዓይን ያሳያል። በቁራኛ የታሰረው በዳይ ብቻ አይደለም፤ ተበዳዩም አብሮ ታስሯል። እርሻውን ትቶ፥ ቤቱን ትቶ ከጠላቱ ጋር ይውላል፤ ከጠላቱ ጋር ያድራል። ዳኛው እውነቱን ከሐሰቱ ለይቶ በተናገረ ጊዜ ሁለቱም ይፈታሉ፤ አንዱ ወደ ቤቱ፥ አንዱ ወደ ቅጣቱ ይሄዳል። ስለዚህ ፍትሕ ማለት በዳይን ማሰር ብቻ ሳይሆን ተበዳይንም ከበደሉ ቁራኛነት ማላቀቅ ነው። ዛሬ «ፍትሕ ይሰጠን» ብሎ የሚጮኽ ሰው ብዙ ጊዜ «እገሌ ይታሰርልን» ማለቱ ነው። በዳይ ይቀጣ ማለቱን አልነቅፍም፤ ነገር ግን በዳዩ ታስሮ ተበዳዩ በቂሙ እንደ ታሰረ ከቀረ፥ በቃሉ ሥር ዘንድ ፍትሑ ገና እኩሌታ ነው። በምዕራብ ሸዋ ያሉ የኦሮሞ ሽማግሎች ደም የተቃቡትን ሁለት ወገኖች በጉማ ሥርዓት ካሣ አስከፍለው ሲያስታርቁ የሚሠሩት ሥራ ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ተርጓሚዎቻችንን እንመዝን። ቄስ ማርቆስ ዳውድ መጽሐፈ ቅዳሴያችንን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው፥ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ አርመውት በ1954 ዓመት በአዲስ አበባ በታተመው መጽሐፍ፥ «ፍትሐት ዘወልድ» የተባለው ጸሎት «አብሶሉሽን» ተብሏል። ይህ ምስጋና የሚገባው ትርጕም ነው። እንግሊዝኛውን የሚያነብ ሰው ሥሩን ቢመረምር ግዕዙ ከቆመበት ከመፍታት ይደርሳልና።

የፍትሐ ነገሥት ተርጓሚዎች ግን ሌላ መንገድ ይዘዋል። ይህ መጽሐፍ ግብጻዊው ኢብን አል ዓሳል በ13ኛው መቶ ዘመን በዓረብኛ ካሰናዳው ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ኢጣልያዊው ጊዲ በ1899 ዓመት ባወጣው ትርጕም «የነገሥታት ሕግጋት» ሲለው፥ አባ ጳውሎስ ጻድዋ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1968 ዓመት የታተመውም «የነገሥታት ሕግ» ብሎታል። የሁለቱም ድካም ታላቅ ነው፤ መጽሐፉም በእውነት የሕግ መጽሐፍ ስለ ሆነ ስሙ ለይዘቱ አልራቀም። ነገር ግን ሕግ በመጽሐፍ ላይ ተጽፎ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ ፍትሕ ግን ዳኛው የሰውን ነገር በእጁ ይዞ የሚሠራው ሥራ ነው። አባቶቻችን «ሕገ ነገሥት» ለማለት ቃል ሳይቸግራቸው «ፍትሐ ነገሥት» ማለታቸው ንጉሥ ሕግ በማውጣቱ ሳይሆን በመፍታቱ እንዲመዘን ነው ብዬ አስባለሁ። ትርጕሙ ይህን ሚዛን ጥሎታል።

ሦስተኛው የራሳችን የጽሕፈት ቤት አማርኛ ነው። «ሶልቭ» ለሚለው «መፍትሔ» የተባለው ቃል መመረጡ መልካም ነው፤ አስቀድሞ ቃሉ በየደብተራው ዘንድ «መፍትሔ ሥራይ» እየተባለ የአስማት መፍቻ ስም ሆኖ ይኖር ነበርና ከዚያ ወጥቶ ለሕዝብ ጕዳይ መዋሉ ትርፍ ነው። ነገር ግን በየስብሰባው «መፍትሔ አስቀመጥን» ሲባል እሰማለሁ። መፍቻ ተቀምጦ ምን ይፈታል? «ችግር መቅረፍ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የሚቀረፈው ላዩ ልጥ ነው፤ ቋጠሮው ከውስጥ እንዳለ ይቀራል። «ችግር ፈቺ» የሚለው ግን ቀናና ጥሩ አማርኛ ነው፤ ይበርታ እላለሁ። የመቄዶንያው እስክንድር በጎርድዮን ከተማ ማንም ያልፈታውን ቋጠሮ በሰይፍ ቈረጠው ይባላል፤ ብዙዎችም ያደንቁታል። ነገር ግን የተቈረጠ ገመድ ተመልሶ ጭነት አይሸከምም፤ የተፈታ ገመድ ግን ነገም ያገለግላል።

አራተኛውን ነቀፋ በራሴ ላይ አደርጋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአምቦ በጉደር በኩል ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ መስቀል ሲሳለም በቄሱ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንዲት አሮጊት እናት ቀርበው ዝቅ አሉና «አባ፥ ና ሂካ» አሉ። ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ቃሉም በጆሮዬ ውስጥ የከብት ገመድ ሆኖ ተሰማኝ። «እናቴ፥ ይህ ለከብት የሚነገር ቃል ነው፤ በቤተ ክርስቲያንስ ‹ይፍቱኝ› ይበሉ» አልኋቸው። እርሳቸውም እንደ ታዘዙ «ይፍቱኝ» አሉና ተሳልመው ዞር አሉ። ጥቂት እልፍ ብለው አጠገባቸው ያለችውን ሴት «ያ ያስባለኝ ቃል ምን ማለት ነው?» ብለው በቋንቋቸው ጠየቋት። ሴትዮዋም «ና ሂካ ማለት ነው» አለቻቸው።

ያን ጊዜ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኛለሁ። ልጁ የሒሳብ መጽሐፉን ይዞ «ሂካ»ን ከ«ይፍታህ» ጋር አስተካክሎ እስኪጠይቀኝ ድረስም ነገሩን አላነሣሁትም። አሁን ግን ቃሉን መርምሬዋለሁ። በኦሮምኛ «ሂኩ» የከብትን ገመድ መፍታት ነው፤ እስረኛን መፍታት ነው፤ ሚስትን መፍታት ነው፤ ሕልምን መፍታት ነው፤ ንግግርን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው መመለስም ነው። የቃል ፍቺ ራሱ «ሂካ» ይባላል። እነሆ፥ ላቲንና እንግሊዝኛ በአንድ ግሥ ያላደረሱትን፥ ሕልሙንም የቃሉንም ትርጕም ኦሮምኛ እንደ አማርኛችን በአንድ ግሥ ይዞታል። «አብሶልቭ» ለመባል የሚበቃ ቃል ከሮም ሳይሆን ከጉደር ሜዳ ተገኝቷል፤ እኔ ግን የከብት ነው ብዬ መለስሁት።

የከብትስ ቢሆን ምን ነውር አለበት? «ፈትሐ»ም «ሶልቬሬ»ም ከገመድ ነው የተነሡት። አባቶቻችን በአክሱም ዘመን መጻሕፍትን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲመልሱ የግሪኩን «ሊኦ» ቅዱስ ነው ብለው እንዳለ አላስቀሩትም፤ እረኛውና ገበሬው በየቀኑ የሚናገረውን የራሳቸውን ግሥ ሰጡት፤ ግሡም በመሠዊያው ፊት ከበረ። እኔ በግዕዝ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ግዕዝ ከቅዳሴው ይውጣ የምል አይደለሁም። ነገር ግን የግዕዝ ተማሪ የግዕዝን አባቶች ሥራ ከናቀ ምን ተማረ? የምዕራብ ሸዋ ምእመን በቋንቋው ንስሓ ሲገባ የሚለው ቃል በአፉ ሞልቶ ሳለ፥ ትርጕሙን ከጎረቤቱ የሚጠይቀውን ቃል ማስያዝ ማስተማር አይደለም። ይህ ምድር ቋንቋዎች የሚገናኙበት ምድር ነው። ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኦነሲሞስ ነሲብ እጅ ተተርጕሞ በ1899 ዓመት የታተመው በዚሁ በእኛ ፊደል ነበረ፤ ሼክስፒርን ወደ አማርኛ የመለሰው ባለ ቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1936 ዓመት የተወለደው እዚሁ ከአምቦ አጠገብ በቦዳ ነው።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ሒሳቡ የሚፈታው ያልታወቀው ቍጥር ከታወቁት ጋር ተወሳስቦ ስለ ታሰረ ነው፤ ቅኔው የሚፈታው ወርቁ በሰሙ ውስጥ ስለ ታሰረ ነው፤ ሰው የሚፈታው በበደሉ ስለ ታሰረ ነው። በሦስቱም ዘንድ ፈቺው በመጀመሪያ የሚፈልገው የቋጠሮውን ጫፍ ነው፤ ጫፉን ሳያገኝ የሚጐትት ሰው ያጠብቀዋል እንጂ አይፈታውም። ልጁም «እንግዲያው ያች እናት ልክ ነበሩ» አለኝ። ልክ ነበሩ።

በየአውራጃው ያላችሁ መምህራንና ካህናት፥ በአገራችሁ ቋንቋ መፍታትና ይቅርታ በምን ቃል እንደሚነገሩ ብትጽፉልን ለዚህ ገጽ አንባብያን ትልቅ ጥቅም ይሆናል። ያችን እናት ከዚያ ወዲህ አላገኘኋቸውም፤ ስለዚህ ስሕተቴን በእናንተ ፊት አምኛለሁ፤ ይፍቱኝ።